ያልታጠበ ኮፍያ ጣዖት አይደለም፦ ስለ አጋዘን አዳኞች ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እኔም ጋ ደረሰ። ጸሐፊው እንደኔው አሜሪካ የሚኖር ወገን ነው። የጻፈው ስለ አሜሪካ አጋዘን አዳኞች ነው። የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው። ሰዎቹ በአጉል እምነት ተተብትበዋል፤ ኮፍያ አያጥቡም፣ በጨረቃ ይጠነቁላሉ፣ ነጭ አጋዘን ይፈራሉ። የገደሉትን ደም ፊታቸው ላይ ይቀባሉ፤ ይሄ ባዕድ አምልኮ ነው። ጫካ የሚገቡት ቢራ ሊጠጡና ቺፕስ ሊበሉ ነው። እንስሳውንም እየጨረሱት ነው። በመጨረሻም፣ ሥጋው በክት ስለሆነ ሐበሻ ሊነካው አይገባም ይላል።

ሚኒሶታ ስኖር አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ከዚህ ውስጥ ዘጠኙን ዓመት፣ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ከሥራ ባልደረባዬና ከቤተሰቡ ጋር ወደ አደን ወጥቻለሁ። ከብሬነርድ ከተማ በስተ ሰሜን ትንሽ የእንጨት ቤት አላቸው። ገበታቸው ላይ በልቻለሁ። ምድጃቸው አጠገብ ተኝቻለሁ። የተጻፈባቸውን ሳነብ ከፋኝ፤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አስቀድሜ ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። «አጋዘን» የምንለው ስለለመደብን ነው፤ እኔም እዚህ እንደዚያው እለዋለሁ። የአገራችን አጋዘን ግን ሌላ እንስሳ ነው። ቀንዱ ጥምዝምዝ ነው፤ ዕድሜ ልኩንም አብሮት ይኖራል። የአሜሪካው ባለ ነጭ ጭራ ቀንዱን በየዓመቱ በበረዶው ወራት ይጥላል፣ በጸደይ እንደገና ያበቅላል። ሴቷ በአብዛኛው ቀንድ የላትም። መጽሐፍ ቅዱሳችን «ዋላ» የሚለው ነው ይበልጥ የሚቀርበው። የዚህ ዘር እንስሳ በኢትዮጵያ ጫካ የለም። ስለዚህ ጸሐፊው የአገር ቤቱን እንስሳ በሐሳቡ ይዞ የጻፈው ብዙ ነገር ከመነሻው ስቷል።

አሁን ወደ ኮፍያው ልግባ። አዎ፣ ኮፍያ የማያጥብ አለ። የባልደረባዬ አባት አንዱ ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ኮፍያቸው ድሮ ደማቅ ብርቱካናማ ነበር፤ አሁን የደከመ ሻይ ይመስላል። ጠርዙ ተበልቷል። ወጣት ሳሉ የመጀመሪያ አጋዘናቸውን የጣሉ ቀን አድርገውት ነበር። ምራታቸው አንዴ ከልብስ ጋር ልታጥበው ስትል ከእጇ ተቀበሏት።

ጸሐፊው ይሄን ቢያይ «ይኸው ጣዖቱ!» ይል ነበር። ቀጥሎ የሚያደርጉትን ግን አላየም። ወደ ጫካ ሲወጡ በዚያ ኮፍያ ላይ አዲስ፣ ዐይን የሚወጋ ብርቱካናማ ኮፍያ ይደርቡበታል። የሚኒሶታ ሕግ በአደን ወቅት ከወገብ በላይ ከሩቅ የሚታይ ደማቅ ቀለም ያዛል። ብርቱካናማ ነው፤ ከ2017 ወዲህ ደማቅ ሮዝም ይፈቀዳል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዓላማው ሰው ሰውን እንዳይመታ ነው። አጋዘን ራሱ ብርቱካናማን እኛ እንደምናየው አያየውም፤ ለሱ የደበዘዘ ነገር ነው። እንግዲህ ሽማግሌው በአሮጌው ኮፍያ አይተማመኑም። ለደኅንነታቸው ሕጉን ያከብራሉ፤ አሮጌውን ግን ይወዱታል። እነዚህን ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

ይሄን ነገር በደንብ ያስተዋለ አንድ ምሁር ነበር፤ ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ ይባላል። ከመቶ ዓመት በፊት በትሮብሪያንድ ደሴቶች፣ ዛሬ ፓፑዋ ኒው ጊኒ በሚባለው አገር፣ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ኖሯል። በተከለለው ጸጥተኛ ውኃ የሚያጠምዱት ምንም ድግምት የላቸውም ይላል። ወደ ክፍቱ ባሕር የሚወጡት ግን ብዙ ሥርዓት አላቸው። ሰው እውቀቱ በሚያደርሰው ቦታ በእውቀቱ ይሠራል። እውቀቱ ባለቀበት፣ ውጤቱም በእጁ ባልሆነበት ቦታ ነው ገድ የሚፈልገው።

አዳኙም እንደዚያው ነው። ነፋስን በተመለከተ ምንም እምነት የለውም፤ ልኬት ነው ያለው። ትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ነጭ ዱቄት ይይዛል። ጨመቅ ያደርገዋል፣ ዱቄቱ ወዴት እንደሚነጉድ ያያል። አጋዘን የሰው ጠረን ከሩቅ ይለያል። ስለዚህ ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠባል፣ ልብሱንም ውጭ ሰቅሎ ያሳድራል። ከተማ ውስጥ ሽቶ የሚቀባው ሰው ያን ሳምንት ሽቶ አይነካም። ይሄን ሁሉ አድርጎ ማማ ላይ ይወጣል። ማማ የምለው በእውነትም ማማ ስለሆነ ነው፤ ገበሬ ማሽላውን ከወፍ የሚጠብቅበት ዓይነት። መውደቅ እዚህ ዋና አደጋ ስለሆነ በቀበቶ ራሱን ከግንዱ ጋር ያስራል። ከዚያ በኋላ የቀረው ነገር በእጁ አይደለም። ስምንት ሰዓት፣ አሥር ሰዓት ይቀመጣል። ኪሱ ውስጥ የአያቱ የፍላጻ ጫፍ ወይም የመጀመሪያ ጥይቱ ቀለህ ቢኖር ማንን ይጎዳል?

ሟርትም ይፈራሉ፤ ይሄ ደግሞ ከኛ የወሰዱት ይመስል። «ዘንድሮ ፍሪዘሬን ባዶ አድርጌ ነው የመጣሁት» ብሎ መናገር ነውር ነው። ካራውን ቀድሞ መሳል፣ ትልቅ የበረዶ ሣጥን መጫን፣ «የት ነው የምንሰቅለው» ማለት አይወደድም። ሩሲያውያን አዳኝን ሲሸኙ «ላባም ጸጉርም አይግጠምህ» ይሉታል፤ መልካም ምኞት በግልጽ ከተነገረ ገድ ይሸሻል ብለው ነው። እኛስ መንገድ ስንወጣ ባዶ እንስራ ያዘለች ሴት ስታጋጥመን ልባችን ትንሽ አይከፋም? አንዱ ክፉ ሲናገር «አታሟርት!» ብለን አንቆጣም? ወንድሜ፣ ይሄን እያወቅን የሌላውን ባዕድ አምልኮ ማለት ተገቢ አይደለም።

ስለ ጨረቃው ጸሐፊው በከፊል ልክ ነው። በጨረቃ ቀን ቆጥሮ የትኛው ሰዓት ላይ አጋዘን እንደሚንቀሳቀስ የሚናገር ሰንጠረዥ ይሸጣል። እኔ አላምንበትም። አጋዘን የሚፈላለገው በፈረንጆቹ ኅዳር ነው፤ ጊዜውን የሚወስነው የቀኑ ማጠር ነው። ብርሃን ሲያጥር ሰውነቱ ይለወጣል፣ ወንዱም ጥንቃቄውን ይረሳል። ሽማግሌው ሰንጠረዡን ይገዙታል፤ ማማ ላይ የሚወጡት ግን በየቀኑ ነው።

ነጭ አጋዘን ደግሞ ከፍርሃት በላይ ነው። ነጩን የገደለ ዳግመኛ አይቀናውም የሚል አባባል በብዙ ቦታ አለ። ጎረቤታችን ዊስኮንሲን ውስጥ ነጭ አጋዘን ለረጅም ዘመን በሕግ ተጠብቆ ቆይቷል። ኒው ዮርክ ውስጥ ሴኔካ በሚባል አካባቢ፣ በ1941 የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሲታጠር አጥሩ ውስጥ የቀሩ አጋዘኖች ተራብተው የነጭ አጋዘን መንጋ ወጥቶላቸዋል። ሰው ከሩቅ ሄዶ ያያቸዋል። «አትግደል» የሚል እምነት ከሆነ እኔ ችግሩ አይታየኝም።

አሁን ወደ ደሙ እንምጣ። የጽሑፉ ከባዱ ክስ ይሄ ነው።

አዎ፣ የመጀመሪያ አጋዘኑን የጣለ ሰው ግንባሩን ወይም ጉንጩን በደም የመቀባት ልማድ አለ። ከአውሮፓ የመጣ ነው። ሁሉም ቤት ግን አይደረግም። ያየሁትን ልንገራችሁ። ከአራት ዓመት በፊት የሽማግሌው የልጅ ልጅ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ የመጀመሪያዋን ጣለች። ደርሰን ስናየው ወድቋል። ልጅቷ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ እንባዋም መጥቷል። አያቷ ተንበርክከው አውራ ጣታቸውን ደሙ ውስጥ ነከሩ። ወደ ፊቷ ከማምጣታቸው በፊት ግን ዐይኗን አዩና «ይሁን?» አሏት። ራሷን ነቀነቀች፤ አልፈለገችም። ሽማግሌው ምንም አላሉም። ጣታቸውን በቅጠል ጠረጉ። ከዚያ ኮፍያቸውን አወለቁና ለአፍታ ዝም ብለው ቆሙ። ሁላችንም አወለቅን። ነፋሱ ብቻ ይሰማ ነበር። ቀጥለው እጇን እንደ ትልቅ ሰው ጨበጧት።

ይሄ አምልኮ ነው? ማን ነው የተመለከው? እንስሳው ነፍስ እንደነበረው ለአንዲት ልጅ የሚነገርበት መንገድ ነው እንጂ። እውነት ነው፣ ልጆችን አስገድዶ የሚቀባ ሰው አለ፤ እሱን እኔም እቃወማለሁ።

ጀርመኖች ደግሞ ለወደቀው አጋዘን አፉ ውስጥ ለምለም ቅርንጫፍ ያደርጉለታል፤ «የመጨረሻው ጉርሻ» ይሉታል። ጉርሻ! ለገደሉት እንስሳ። የአዳኞች ጠባቂ የሚሉት ቅዱስ ሁበርትን ሲሆን፣ በዓሉ በፈረንጆቹ ኅዳር 3 ይከበራል። ታሪኩ በአደን ላይ ሳለ በአጋዘን ቀንዶች መሐል መስቀል አየ ይላል። የሮም መኮንን የነበረው የሰማዕቱ ኤዎስጣቴዎስ ገድልም ያንኑ ይተርካል፤ እሱ ደግሞ በምሥራቁም ቤተ ክርስቲያን የታወቀ ነው። ታዲያ «ባዕድ» የምንለው የትኛውን ነው?

አያቶቻችንስ? ግዳይ ጥሎ የመጣ ሰው በሆታ ነበር የሚገባው። ጸጉሩን ቅቤ ይቀቡታል። ዝሆን የገደለ የጆሮ ጌጥ ያደርግ ነበር። ፉከራውና ቀረርቶው እስከ ዛሬ በሠርጋችን ላይ አለ። ቅቤው ክብር ከሆነ፣ የሌላው ልማድ ለምን ኃጢአት ይሆናል?

ጸሐፊው ስለ ሸሚዝ ጅራት ምንም አላለም፤ ምናልባት አልሰማም። ለኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ልማድ እሱ ነው። ተኩሶ የሳተ ሰው የሸሚዙ የኋላ ጫፍ በመቀስ ይቆረጣል። ስሙና ቀኑ ይጻፍበትና ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። እኛ ጋ ያሉት ቁራጮች ከምድጃው በላይ አንድ ረድፍ ይሞላሉ። የኔም አለ። አረንጓዴ ባለ መስመር ነው፤ በሁለተኛው ዓመቴ የተቆረጠ። ሰዎቹ ሲቆርጡ ይስቃሉ፣ ይዘፍናሉ። ግን ያን ቀን መቀሱ ከመምጣቱ በፊት ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ። «ሳትኩ» ስል ሁሉም ከያሉበት ማማ ወረዱ። አጋዘኑ ቆሞ የነበረበትን ቦታ አሳየኋቸው። ለሁለት ሰዓት ያህል ጎንበስ ብለን ቅጠል በቅጠል አየን። የደም ጠብታ፣ የጸጉር ቁራጭ ፈለግን። ዱካውን ተከትለን ረግረጉ ድረስ ሄድን። ምንም አልነበረም። እንስሳው ቆስሎ ለብቻው እንዳይሞት ነው ይሄ ሁሉ። መሳት የሚያሳፍርበት ቤት ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። የሸሚዝ ቁራጭ ተራ ነገር ስለሆነ ነው አፌን ሞልቼ «ሳትኩ» ያልኩት። ለዚህ ነው ልማዶቹን በጅምላ አጉል እምነት ማለት የማልቀበለው። አጋዘኑን አያመጡትም፤ አዳኙ ግን እንዳይዋሽና እንዳይቸኩል ያደርጉታል።

አሁን ስለ ምግቡ። «ቢራና ቺፕስ» ይላል ጸሐፊው። ይሄን ሲጽፍ አንድም ቀን ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ እዚያ ወጥ ቤት አልተነሣም።

ቺፕስ ማማ ላይ አይወጣም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ይጮኻል። ከረጢቱም ይጮኻል፣ ራሱም ሲቆረጠም ይጮኻል። ቸኮሌት እንኳ ቤት ውስጥ ከወረቀቱ ወጥቶ ለስላሳ ጨርቅ ውስጥ ነው የሚጠቀለለው። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ዳቦ ቆሎ ይዤ ወጥቼ ነበር። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ፍሬ ስነክስ ድምፁ ለራሴ ጆሮ ተኩስ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ በሶ ጨብጬ ነው የምወጣው። በሶ ድምፅ የለውም፣ ሆድ ይይዛል፣ ብርድ ላይ አይበላሽም። መንገደኛና ወታደር ለምን ይወደው እንደነበር የገባኝ እዚያ ማማ ላይ ነው።

የነሱ ዋና ስንቅ ጀርኪ ነው። ጀርኪ ማለት ቋንጣ ነው። ቃሉ ከደቡብ አሜሪካ ኬቹዋ ቋንቋ የመጣ ነው፤ እነሱ «ቻርኪ» ይሉታል። እዚህ ያለው በአኩሪ አተር ስጎ፣ በቁንዶ በርበሬና በትንሽ ስኳር ተነክሮ ይደርቃል። በሦስተኛው ዓመቴ የራሴን ቋንጣ ይዤ ሄድኩ፤ በበርበሬና በጨው የታሸ፣ ምድር ቤቴ ውስጥ በገመድ ተሰቅሎ የደረቀ። ሽማግሌው አንዷን ቁራጭ ቀስ ብለው አኘኩ። ዐይናቸው እንባ አቀረረ። ውኃ ጠጡ። ከዚያ እጃቸውን እንደገና ዘረጉ። በዓመቱ መኪናዬን ገና ሳላጠፋ «ቀዩ የታለ?» አሉኝ። አሁን ቀዩን ሳይዙ ማማ አይወጡም። ሁለት ቁራጭ በግራ ኪሳቸው ያደርጋሉ፤ አንዱን ይበላሉ፣ አንዱን እስኪመለሱ አይነኩትም። ይሄም ገድ ሆኗል።

ከዊስኮንሲን የሚመጣ ዘመድ ትኩስ የአይብ ፍርፋሪ ያመጣል። ትኩስ ከሆነ ጥርስ ላይ ሲጥ ሲጥ ይላል። ከሰሜን ሚሺጋን የሚመጣው ፓስቲ ይዞ ይመጣል። ፓስቲ የሳምቡሳ ዘመድ ነው፤ ግን ትልቅ ነው፣ በምድጃ የሚጋገር። ውስጡ ሥጋ፣ ድንችና ሽንኩርት አለው። ከእንግሊዝ ኮርንዎል የመጡ የማዕድን ሠራተኞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያመጡት ነው። ትኩሱን በፎይል ጠቅልለው ካፖርታቸው ውስጥ ያደርጉታል፤ ጠዋት ደረት ያሞቃል፣ ቀትር ላይ ይበላል። ከዚህ ሌላ በለውዝ ቅቤ የተቀባ ዳቦና ቴርሞስ ሙሉ ቡና አለ። አጋዘን የሚመጣው ሳንድዊችህን ስትከፍት ነው የሚል አባባልም አላቸው። ስለዚህ አንዳንዱ ሳይርበው ይከፍታል!

አጋዘን በተጣለበት ምሽት ጉበቱ በሽንኩርት ይጠበሳል። ልቡም ስስ ተደርጎ ይቆረጣል። መጀመሪያ የሚጎርሰው የጣለው አይደለም፤ በዕድሜ ትልቁ ነው። ይሄን ሳይ የኛ ቤት ትዝ ይለኛል።

ቢራ አለ፤ አልክድም። ግን ጠመንጃዎቹ ሁሉ ጥይታቸው ወጥቶ ቦታቸው ሳይገቡ አንድም ጠርሙስ አይከፈትም። ሰክሮ ማደን በሚኒሶታ ሕግ ወንጀል ነው። ይሄን የሚጥስ የለም አልልም፤ እኔ በኖርኩበት ቤት ግን አላየሁም።

«እየጨረሱት ነው» ለሚለው ብዙ መድከም አያስፈልግም። በ1900 አካባቢ በመላው አሜሪካ የቀረው ባለ ነጭ ጭራ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ብቻ እንደነበር ይገመታል። የጨረሱት ሥጋና ቆዳ ለገበያ የሚያቀርቡ ነጋዴ አዳኞች ነበሩ። ዛሬ 30 ሚሊዮን ገደማ ነው። በመሐል የሆነው ይሄ ነው፦ ለገበያ ማደን ታገደ፤ ፈቃድና የአደን ወቅት ተወሰነ። በ1937 ደግሞ ከጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ የሚሰበሰበው ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል ሕግ ወጣ። ቀረጡን ከሚሸፍኑት አንዱ አዳኙ ነው። ዊስኮንሲን ውስጥ ብቻ በየዓመቱ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው የአጋዘን ፈቃድ ያወጣል፤ አጋዘኑ ግን አላለቀም። እንዲያውም ተኩላ በጠፋባቸው ቦታዎች ከመጠን በላይ ተራብቶ የጫካውን ችግኝ ይጨርሳል፣ መንገድ ላይም ከመኪና ጋር ይጋጫል። ጸሐፊው ሊያነሳው የሚገባው ስጋት ሌላ ነበር፤ አጋዘኑን አክስቶ የሚገድለው የአንጎል በሽታ። በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ ታየ፤ በ2002 ዊስኮንሲን ውስጥ ተገኘ። ወደ ሰው እንደተላለፈ የታወቀ ነገር የለም። ቢሆንም በሽታው ባለበት አካባቢ ሥጋውን ሳያስመረምሩ መብላት አይመከርም። እኛ እናስመረምራለን።

የቀረው በክት የሚለው ነው። ይሄ የኛው የቤት ጉዳይ ስለሆነ በጥንቃቄ ልናገር። በጉዳዩ ንስሐ አባቴን ጠይቄያለሁ፤ ለኔ የተነገረኝን ለሌላው ሕግ አላደርገውም። ሌላውም የራሱን አባት ይጠይቅ። ጸሐፊው ግን «መጽሐፍ ይከለክላል» ብሎ ደምድሟል። መጽሐፉ እንዲህ አይልም። በዘዳግም 14 ዋላ ከሚበሉት እንስሳት ተቆጥሯል። በክት የተባለው ራሱ የሞተው ነው፤ አውሬ የሰበረውም የተከለከለ ነው። ስለ አደን ደግሞ ዘሌዋውያን 17፥13 በግልጽ ይናገራል፤ የሚበላ እንስሳ ያደነ ሰው ደሙን ያፍስስ፣ በአፈርም ይክደነው ይላል። ስለ ጾሙም ቢሆን፣ የሚኒሶታ አደን የሚከፈተው የነቢያት ጾም ከመግባቱ በፊት ነው። ያልተበላው ለገና በፍሪዘር ይቆያል፤ ግማሹ ቋንጣ ይሆናል።

እኔ ካራዬን ሳነሳ በስመ አብ እላለሁ። ሆድ ዕቃውን ካወጣሁ በኋላ ደሙ የፈሰሰበትን ቦታ አፈር አለብሰዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጫማዬና በእንጨት ነበር የምጭረው። ሰዎቹ ቆመው ያዩኛል፤ ምን እንደማደርግ ግን አልጠየቁኝም። ባለፈው ዓመት አንድ ሴት አጋዘን ጣልኩ። ሥራዬን ጨርሼ እንጨት ስፈልግ ሽማግሌው ወደ መኪናቸው ሄዱ። ሲመለሱ ትንሽ አካፋ ይዘዋል፤ ዋጋዋ የተለጠፈበት ወረቀት እንኳ ገና አልተነሣም። ሰጡኝና ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ። መጀመሪያ አዲሱን ኮፍያ አወለቁ፤ ከዚያ ያንን ያልታጠበውን።